በፈረሰ ቤት ውስጥ የተገኘ ኖታ



ይህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ጡረታ መብት የሚጻፍበት መሆኑን አውቃለሁ። እኔም በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንደ መሆኔ መጠን ስለ እነዚሁ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለ አንዲት አሜሪካዊት የሙዚቃ ደራሲ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። ስሟ ፍሎረንስ ፕራይስ ይባላል። ከሞተች ሰባ ዓመት አልፏታል። ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካም በአውሮፓም ለእርሷ መታሰቢያ የሚሆኑ ኮንሰርቶች በየከተማው ይደረጋሉ፤ ዜማዎችዋም ይዘፈናሉ፣ በአራትና በአምስት ሰው የሚጫወቱት ሥራዎችዋም ይሰማሉ። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም መጀመሪያ ስለ እርሷ ስሰማ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱን እንዳገኘሁት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ፍሎረንስ በ1887 በአርካንሳስ ክፍለ ሀገር በሊትል ሮክ ከተማ ተወለደች። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ጥቁር ሐኪም ማግኘት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን የተከበሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው። እናቷ የሙዚቃ አስተማሪ በመሆናቸው ፒያኖ ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። ልጅቱ ገና በለጋ ዕድሜዋ ቦስተን ወደሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ገብታ ኦርጋንና የፒያኖ አስተማሪነት ተምራ በ1906 ተመረቀች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። እናትየዋ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ የትውልድ ቦታዋን ሊትል ሮክ አላሉም። «ፑኤብሎ፣ ሜክሲኮ» ብለው አስጻፉ። ቆዳዋ ቀላ ያለ ስለነበር ሜክሲኳዊት ናት ቢባል የሚያምን አይጠፋም ብለው ነው። ልጄ እንዳትገፋብኝ ብላ የምትጨነቅ እናት የምታደርገውን አደረጉ። እኔ ይህን ሳነብ ወደ እስራኤል በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት በትምህርት ቤት የተሰጠኝ የዕብራይስጥ ስም ትዝ አለኝ። በ1999 ከጎንደር ስመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስተማሪዋ በክፋት አልሰጠችኝም፤ እንዲቀለኝ ብላ ነው። አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያ ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርተውኝ አያውቁም።

ወደ ፍሎረንስ ልመለስ። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ደቡብ ተመለሰች፤ በጥቁሮች ኮሌጆች አስተማረች፤ በ1912 አንድ ጠበቃ አግብታ ሊትል ሮክ ተቀመጠች። በ1927 በዚያች ከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ ገደለ። ቤተሰቡም በዚያው ዓመት ንብረቱን ይዞ ወደ ቺካጎ ተሰደደ። በዚያ ዘመን ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደዱት ጥቁሮች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው፤ አገራቸውን ሳይለቁ ስደተኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ቺካጎ ከደረሱ በኋላ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ። ገንዘብ ጠፋ፣ በቤት ውስጥም ጠብና ድብደባ በዛ። በ1931 ፍቺ ሆነ። እንዲህ ያለውን ታሪክ በሥራዬ ላይ ስንት ጊዜ በፋይል ውስጥ እንዳነበብኩት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አገር መለወጥ፣ ከዚያ የባል ሥራ ማጣት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እጅ ማንሣት። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው ለማለት ይቃጣኛል።

ሁለት ሴቶች ልጆችዋን ለማሳደግ ያገኘችውን ሠራች። ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ በሲኒማ ቤት ኦርጋን ትጫወት ነበር። ለራዲዮ ማስታወቂያም ዜማ ትደርስ ነበር። ለብቻዋ ቁጭ ብላ ለመጻፍ ጊዜ አታገኝም። በ1931 በጥር ወር እግሯ ተሰበረና ከቤት መውጣት አቃታት። በዚያን ጊዜ ነው የመጀመሪያውን ሲምፎኒዋን መጻፍ የጀመረችው። ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤም፣ ሳይረብሿት የምትጽፍበት ጥቂት ቀን በማግኘቷ ተደስታ፣ እግር መስበርን የመሰለ ዕድል መቼ ዳግመኛ ይገጥመኝ ይሆን ብላ ቀልዳለች። እኔ የማውቃቸው እናቶች ይህን ቀልድ ቢሰሙ ከልብ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ትንሽ ዝም ይላሉ።

በችግሯ ጊዜ ከእነ ልጆችዋ ማርጋሬት ቦንድስ በተባለች ወጣት የፒያኖ ተማሪዋ እናት ቤት ተጠግታ ኖራለች። ማርጋሬት ኋላ ራሷም የታወቀች የሙዚቃ ደራሲ ሆናለች። የዚያን ቤት ነገር ስታስታውስ፣ በቺካጎ ብርድ በወጥ ቤቱ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው የፍሎረንስን ኖታ በእጅ ይገለብጡ እንደነበር ተናግራለች። የውድድር ማስገቢያው ቀን ሲደርስ ቫዮሊኑ የሚጫወተውን አንዷ፣ ቼሎው የሚጫወተውን ሌላዋ እየጻፉ ያድራሉ። በ1932 ያ ሲምፎኒ በዋናሜከር ውድድር የመጀመሪያውን ሽልማት፣ 500 ዶላር አገኘ። በ1933 በሰኔ 15 ቀን ደግሞ የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በፍሬደሪክ ስቶክ መሪነት ተጫወተው። የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሲምፎኒ በትልቅ ኦርኬስትራ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መጽሐፎቹ ብዙውን ጊዜ ስለ ስቶክ ደግነት ይናገራሉ። ደግ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የኮንሰርቱን ወጪ ለመሸፈን ገንዘብ ያወጡት የቺካጎ ጥቁር ሙዚቀኞች ማኅበር መሪና የጋዜጣ ጸሐፊ የነበሩት ሞድ ሮበርትስ ጆርጅ ናቸው። ሳማንታ ኤጌ የተባለች እንግሊዛዊት ፒያኖ ተጫዋችና ተመራማሪ የዚያን ሰፈር ሴቶች ታሪክ ጽፋለች። ወጥ ቤታቸውን የሰጡ፣ ትኬት የሸጡ፣ በጋዜጣ የጻፉ፣ ሳሎናቸውን ለልምምድ የከፈቱ ሴቶች ነበሩ። ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለኝም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1939 ሚያዝያ 9 ቀን፣ ታላቋ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በዋሽንግተን ከተማ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ ዘፈነች። በአዳራሽ እንዳትዘፍን በቀለሟ ምክንያት ስለ ከለከሏት ነው በአደባባይ የዘፈነችው። 75 ሺህ ያህል ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ ሰማት፤ በራዲዮ የሰማው ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠራል። በፕሮግራሙ መጨረሻ ከዘፈነቻቸው መንፈሳዊ ዜማዎች አንዱን በፒያኖ አጅቦ እንዲዘፈን አድርጋ ያዘጋጀችው ፍሎረንስ ፕራይስ ናት። ያ ቀን ፍሎረንስ 52 ዓመት የሞላት ቀን ነበር። ማሪያን አንደርሰን በ1955 ወደ እዚህ ወደ እስራኤል መጥታ ዘፍናለች፤ ከእኛ አብዛኞቻችን ገና ጎንደር ወይም ትግራይ ሳለን ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የታወቀች ሴት እንዴት ልትረሳ ቻለች? በ1943 በቦስተን ታላቁን ኦርኬስትራ ይመሩ ለነበሩት ለሰርጌ ኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጻፈች። ሴት መሆኗንና የጥቁር ደም ያላት መሆኗን ራሷ አስቀድማ በግልጽ ጽፋ፣ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች ወደ ጎን ብለው ሥራዋን ብቻ እንዲመዝኑላት ለመነች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጽፋላቸዋለች። ሰውየው ራሳቸው ከሩሲያ የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ ለአዳዲስ አሜሪካውያን ደራስያንም ብዙ ረድተዋል። የእርሷን ግን አንድም ቀን አላጫወቱላትም። እኔ የሥራ ማመልከቻ ከሚጽፉ ወጣቶቻችን ጋር ስቀመጥ፣ «ኢትዮጵያዊ መሆኔን በደብዳቤው ላይ ልጻፈው ወይስ ቃለ መጠይቅ ስገባ ይዩት?» ብለው ይጠይቁኛል። ፍሎረንስ አስቀድሞ መናገሩን መረጠች። እናትየዋ ደግሞ መደበቁን መርጠው ነበር። የእናትም የልጅም መንገድ ያው አንድ ደጃፍ ላይ ነው ያደረሳቸው።

በ1953 በሰኔ ወር ወደ አውሮፓ ለመሄድ ስትዘጋጅ በቺካጎ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው እንዲህ ተብሎ ነው። በ2009 ባልና ሚስት ከቺካጎ ወደ ደቡብ በምትገኝ ሴንት አን በተባለች ትንሽ መንደር አንድ የተተወ ቤት ገዝተው ሊያድሱ ገቡ። ጣራው በወደቀ ዛፍ ተቀድዷል፣ ዕቃው ተመሰቃቅሏል፣ ዝናብ ያልደረሰበት አንድ ጥግ ላይ ግን የወረቀት ክምር አገኙ። የሙዚቃ ኖታ ነው። በየወረቀቱ ላይ ፍሎረንስ ፕራይስ የሚል ስም አለበት። ቤቱ ድሮ የበጋ ማረፊያዋ ነበር። ሰዎቹ ወረቀቱን አልጣሉትም። ማን እንደሆነች ፈልገው አግኝተው ለአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነገሩ። ሁለት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒ ሳይቀሩ ከዚያ ክምር ውስጥ ወጡ። በ2018 ሺርመር የተባለው ትልቅ የኖታ አሳታሚ የሥራዎችዋን መብት ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ኖታው በየአገሩ ይሸጣል፣ የመታሰቢያ ኮንሰርቶቹም በዙ።

ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን «ጠፍታ ተገኘች» የሚለውን አባባል እስከዚህም አልወደውም። ለማን ነው የጠፋችው? ጥቁር ዘፋኞች ዜማዎችዋን መዝፈን አላቋረጡም። ልጇ በ1970ዎቹ የእናቷን ወረቀቶች ለዚያው ለአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰጥታለች። ባርባራ ጋርቪ ጃክሰን የተባሉ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ1977 ስለ እርሷ ጽፈዋል፣ በኋላም በራሳቸው ትንሽ ማተሚያ ኖታዋን አሳትመዋል። ሬይ ሊንዳ ብራውን የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር ዕድሜያቸውን በሙሉ ስለ ፍሎረንስ ሲመረምሩ ኖረው በ2017 ዐረፉ፤ የሕይወት ታሪኳን የጻፉበት መጽሐፍ የወጣው በ2020 ነው። እንግዲህ የሚያውቋት ያውቋት ነበር። በሩ የተዘጋባት በትልልቆቹ አዳራሾች ነው። አዳራሾቹ በሩን ሲከፍቱ «አገኘናት» አሉ። እኛም እዚህ አገር «ተገኙ» ተብሎ የተጻፈልን ሕዝብ ስለሆንን የዚህን ቃል ጣዕም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልግባ። የመታሰቢያ ኮንሰርቶቹ በብዛት የሚደረጉት በሲምፎኒዎችዋ ሳይሆን በዜማዎችዋና «ቻምበር ሙዚቃ» በሚሉት፣ በጥቂት ሰዎች በሚጫወቱት ሥራዎችዋ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለሲምፎኒ ሰማንያ ሰው፣ መሪ፣ ትልቅ አዳራሽና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለዜማ አንድ ዘፋኝና አንድ ፒያኖ ይበቃል። ለአራቱ ደግሞ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ በትምህርት ቤት፣ በጸሎት ቤት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ በር የተዘጋበት ሰው ሙዚቃ መጀመሪያ የሚመለሰው በትንሹ ክፍል በኩል ነው። እርሷም በሕይወቷ ሳለች አብዛኛው ሥራዋ የተሰማው በእንደዚህ ዓይነቱ ክፍል ነበር።

ከሁሉ የምወደው በኤ ማይነር የጻፈችው የፒያኖና የአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ሥራ ነው። ካታሊስት ኳርቴት የሚባሉ አራት ሰዎች ከፒያኖ ተጫዋቿ ከሚሼል ካን ጋር ሆነው ቀድተውት በ2022 ወጥቷል፤ ማግኘት አያስቸግርም። አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ረጅምና የተቆጣ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ እስክሰማው ድረስ አልገባኝም። ሁለተኛው ግን ወዲያው ይገባል። ድካም ያለበት፣ የማይቸኩል፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ለብቻ እንደሚያንጐራጉሩት ያለ ዜማ ነው። ሦስተኛው «ጁባ» ይባላል። ጁባ በአሜሪካ ባሪያ ሆነው የተያዙ አፍሪካውያን ይጨፍሩት የነበረ ጭፈራ ነው። ባለቤቶቹ ከበሮ እንዳይመቱ ስለከለከሏቸው በእግራቸው መሬቱን፣ በእጃቸው ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ ነበር የሚጨፍሩት። ፍሎረንስ ይህን ምት ወስዳ ለቫዮሊንና ለፒያኖ ሰጠችው። በሲምፎኒዎችዋም ውስጥ ሌሎች ደራስያን የፈረንጅ ጭፈራ በሚያስገቡበት ቦታ ላይ እርሷ ጁባ አስገብታለች።

በምሠራበት ሰፈር ባለው የአረጋውያን ክበብ ይህን ክፍል በትንሽ ድምፅ ማጉያ አሰምቼ ነበር። ቡና እየተፈላ ነው። ኮንሰርት ሊባል አይችልም፤ ስለ ሴትዮዋ አምስት ደቂቃ ያህል ተናግሬ ነው የከፈትኩት። ፒያኖው ሲጀምር አንድ ሁለቱ ትከሻቸው ተነቃነቀ። አንዲት እናት ጆሮአቸውን ወደ ማጉያው ጠጋ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ከበሮው የት አለ?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ከበሮ ተከልክለው ነው፤ በእጃቸውና በእግራቸው ነበር የሚመቱት» አልኳቸው።

«ታዲያ ገላቸውን ማን ይከልክላቸው!» ብለው ጭናቸውን ሁለት ጊዜ መቱ። ምቱ ከሙዚቃው ጋር ገጠመ። እኔ ስለ ፍሎረንስ ፕራይስ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

ሌላው ሥራዋ አምስት የሕዝብ ዜማዎችን ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ያዘጋጀችበት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ የጥቁሮች መንፈሳዊ ዜማዎች ሲሆኑ፣ የነጮችም ዜማ፣ የእንግሊዝም የድሮ መዝሙር መሰል ዘፈን አለበት። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አቅርባቸዋለች። በእኛ ዘፈን አንዱ ያወርዳል ሌላው ይቀበላል። እዚህ ግን ተቀባይ የለም። አራቱም አውራጅ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል፣ ሆኖም አይጋጩም። እንዲህ አድርጎ መጻፍ በምዕራቡ ሙዚቃ ከከባዱ ዕውቀት የሚቆጠር ነው፤ እርሷም ይህን ዕውቀት ተራ ሰው በሥራ ላይ ለሚያዜመው ዜማ አዋለችው። የመጀመሪያው ክፍል የክርስቲያኖች መዝሙር ስለሆነ በክበባችን ውስጥ ለሽማግሌዎቹ አክብሮት ስል አላሰማሁትም፤ ቤቴ ግን እሰማዋለሁ።

ዜማዎችዋ መቶ ያህል ይደርሳሉ። በላንግስተን ሂዩዝ ግጥሞች ላይ የጻፈችው «ለጥቁሯ ድንግል» የሚለው በ1941 ታትሟል። በፖል ሎረንስ ደንባር ግጥም ላይም ጽፋለች፤ ደንባር ቀድሞ ባሪያ ከነበሩ ወላጆች የተወለደ ገጣሚ ነው። ማያ አንጀሉ ለሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ ርእስ የወሰደችበት በቅርጫት ስለ ታሰረች ወፍ የሚናገረው ግጥሙ በፍሎረንስ ዜማ ሲዘፈን አጭር ነው። ፒያኖው ሊወጣ እየሞከረ ይመለሳል፣ ይሞክራል፣ ይመለሳል። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰውም ይገባል። በአንጻሩ «አዶሬሽን» የሚባለው ለኦርጋን የተጻፈው ትንሽ ሥራዋ በየመታሰቢያው ላይ በቫዮሊን ይጫወታል። ያምራል፣ ጣፋጭ ነው፤ ግን በእኔ አስተያየት ከልክ በላይ ተደጋግሟል። ቀላል በመሆኑ ይመረጣል፤ ሰዎችም እርሷን በዚያች አራት ደቂቃ ብቻ ያውቋታል።

ስለ መታሰቢያ ኮንሰርቶቹም የምለው አለኝ። በኢንተርኔት ላይ የተለጠፉ በርካታዎቹን ተመልክቻለሁ። አንዳንዶቹ ልብ ይነካሉ። በሌሎቹ ላይ ግን ተናጋሪው ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ስለ መከራዋ ያወራል፤ ከዚያ ስምንት ደቂቃ ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ፕሮግራም ወደ ቤትሆቨን ይሄዳሉ። የሚደረጉትም ብዙዎቹ በየካቲት ወር ነው፤ በአሜሪካ የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት ወር ስለሆነ። መጋቢት ሲገባ ኖታው ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳል። የተሻሉት ኮንሰርቶች ስለ እርሷ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚጫወቱ፣ ከማርጋሬት ቦንድስ፣ ከአስተማሪዋ ከጆርጅ ቻድዊክ፣ ከድቮርዣክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ የሚያቆሟት ናቸው። ያን ጊዜ አድማጩ የሚያዝንላት ሳይሆን የሚያመዛዝናት ይሆናል። ከአጠገቧ ካለው የምትበልጥበት ቦታ አለ፤ የምታንስበትም አለ። ማንኛውም ደራሲ እንዲሁ ነው።

ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስግድ በ2008 በሕግ የታወቀ በዓል ከሆነ ወዲህ በኅዳር ወር ስልካችን አያርፍም። ከየትምህርት ቤቱ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ «ልብስ ለብሳችሁ ኑ፣ ዳቦ ይዛችሁ ኑ፣ ትንሽ እስክስታ አሳዩን» ይሉናል። እንሄዳለን፤ መሄዱም ክፉ አይደለም፣ ልጆቻችን ደስ ይላቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ወዳጄን ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ጠርተውት ምን ያህል እንደሚከፈለው ሲጠይቅ «ይህ እኮ እናንተን ለማክበር ነው» ተባለ። ወዳጄም «ክብሩን ተቀብያለሁ፣ የአውቶቡሱን ስጡኝ» አላቸው። ፍሎረንስ በ1943 ለኩሴቪትስኪ ስትጽፍ ክብር አልጠየቀችም። ሥራዋ ታይቶ፣ ከበቃ እንዲጫወት ነው የጠየቀችው።

መታሰቢያ በሕይወት እያሉ ሲሆን ምን እንደሚመስል በኢየሩሳሌም አይተናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በሚገኘው በኢትዮጵያውያን ገዳም ይኖሩ ነበር። የተዋሕዶ መነኩሲት ናቸው እንጂ ከእኛ ማኅበረሰብ አይደሉም፤ ሆኖም አማርኛ የሚናገር ሁሉ የእኔ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳትመዋል። የእጅ ጽሑፍ ኖታቸው ግን በከረጢት ውስጥ ተከምሮ ቆይቶ ነበር። ማያ ዱኒየትስ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች ከእርሳቸው ከራሳቸው እጅ ተቀብላ አስተካክላ በ2013 በመጽሐፍ አሳተመችው፤ በዚያው ዓመትም በኢየሩሳሌም ለክብራቸው ኮንሰርት ተደረገ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወር ሲቀራቸው ነው። እስከ 2023 ኖሩ። ኖታውን ያነበበው ሰው «ይህ ምን ለማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር። ፍሎረንስን እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሥራዎችዋ ላይ ጣት የሚያህል ቦታ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ተመራማሪዎቹ እየተከራከሩ ይሞሉታል።

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ሳለሁ በሥራዬ አንድ ጉዳይ ገጠመኝ። አንዲት አዛውንት ከመንግሥት ቤት ወደ ቤት አቮት ሊዛወሩ ነው። ቤቱ በአሥር ቀን ውስጥ ተጠርጎ መመለስ አለበት። ልጃቸው ሥራ ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ዕቃውን በጥቁር ከረጢት እየሞላ ያወርዳል። አልጋው ሥር አንድ የዱቄት ጆንያ ነበር፤ በውስጡ ካሴቶች አሉ፣ ስልሳ ሁለት ናቸው፣ ቈጥሬአቸዋለሁ። በከፊሎቹ ላይ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎባቸዋል፣ ሌሎቹ ምንም የለባቸውም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጎንደር በሰው እጅ ይላኩ የነበሩ የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው። ያን ጊዜ መጻፍ የማይችል ሁሉ ካሴት ነበር የሚልከው። ልጅየው የሚያጫውትበት ቴፕ የለውም። ሊጥለው ነው ብዬ ልቆጣው አልቻልኩም፤ ሁለት ልጆችና የማታ ሥራ ያለው ሰው ስልሳ ሁለት ካሴት ምን ያድርገው? አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ አልኩት፤ እሺ አለ።

ከአንድ ጎረቤት ቴፕ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ አራት ካሴቶች ሰላምታ ብቻ ናቸው። ስለ ላም፣ ስለ ዝናብ፣ ማን ሞተ ማን ወለደ። በአምስተኛው ላይ ሰውየው ሰላምታውን ጨርሶ «እንግዲህ የእናትህን ድምፅ ስማ» ይላል፤ ከዚያ አንዲት ሴት ሙሽራ ስትሸኝ የሚዘፈነውን ዘፈን ከእነ ተቀባዮቹ ጋር ትዘፍናለች፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል። እዚያው ላይ እየዘፈነች ስም ትጠራለች፤ የወንዙን፣ የሰፈሩን፣ የሰዎቹን። የቄሶቻችንን ጸሎት ሊቃውንት ቀድተውታል፤ ኬይ ሸለመይ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ1973 እዚያው ኢትዮጵያ ሄደው ቀድተው መጽሐፍ ጽፈውበታል። ይህች ሴት ግን ቄስ አይደለችም፣ ለመጽሐፍም አልዘፈነችም። ወንድ ልጇ እንዲሰማት ነው የዘፈነችው። አዛውንቷን ቤት አቮት ሄጄ ስጠይቃቸው ዘፋኟ አማታቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ልጃቸው አያቱን በመልክ አያውቃቸውም ነበር። ካሴቱን ሰምቶ እንደጨረሰ ምንም አላለም፤ መልሶ ከመጀመሪያው አስነሣው።

ጆንያው አሁን የእርሱ ቤት ነው። ስልሳ ሁለቱም ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ አለባቸው፤ የካሴት ክር ዕድሜ የለውም፣ አንዳንዶቹ ገና አሁን ሲነኩ ይበጠሳሉ። ከእኛ ሰፈር ሁለት ወጣቶች፣ አንደኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ሥራውን ጀምረውታል። እስከ አሁን አሥራ ሰባት ገልብጠዋል። በሙሽራ ዘፈኑ ላይ ተቀባዮቹ እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ለማወቅ እየሞከሩ ነው፤ ሦስቱ ሴቶች በስም ታውቀዋል፣ አንደኛዋ ነታንያ በሕይወት አሉ።

ቴፑ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአረጋውያን ክበብ ውስጥ ይገኛል። ካሴት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉልን፦ የሚናገረው ወይም የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደተላከ፣ ለማን እንደተላከ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሳለ ይጻፍ። ቡና አለ።